ውሃው በስንት ይሸጣል? የእንጀራ ፍለጋ ታሪክ በጅግጅጋና በጎረቤቶቿ

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ፣ የተመራቂዎች የምስጋና ፕሮግራም አልቆ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ በወጣቶች ኅብረት ውስጥ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ ሥራ ለመፈለግ የት ይሻላል? አንዱ ጅግጅጋ ገንዘብ አለ ይላል። ሌላው ድሬዳዋ የቤት ኪራይ ይቀላል ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛዋ ደግሞ ቶጎ ውጫሌ ሄዶ በዓመቱ መኪና ገዛ ስለሚባል ሰው የሰማችውን ታወራለች። ክርክሩ ሞቅ ይላል፣ ቁጥር ይጠራል፤ የሚጠራው ቁጥር ግን ሁሉም የዛሬ ነው። እኔ ደግሞ ኮሌጅ የተማርኩት ታሪክ ስለሆነ ወደ ኋላ መለስ ብዬ መጠየቅ ይቀናኛል። በዚህ የምሥራቅ ምድር ሥራና ርካሽ ኑሮ ከየት መጡ? ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩስ በምን ምክንያት ነበር?

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ከሐረር ተራሮች ሥር እስከ በርበራና እስከ ጅቡቲ ባሕር ድረስ በተዘረጋው ምድር ላይ ከተማን የሚመግበው መንገዱ ነው። መንገዱ ሲዞር ደመወዙም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ሁለት ከተሞችን ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ከደመወዙ በፊት ሊያየው የሚገባው ነገር አለ፤ ይህን ከተማ የሚያበላው የትኛው መንገድ ነው? ያንን መንገድ መዝጋት የሚችለውስ ማን ነው?

ከጀልዴሳ እንጀምር። ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ወጣት ጥቂት ነው። ባቡር ሳይመጣ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ነበር፤ የሚገኘውም ከዛሬይቱ ድሬዳዋ ወጣ ብሎ በቆላው ነው። የጀልዴሳ እንጀራ የተመሠረተው በአንድ ቀላል ነገር ላይ ነበር። ግመል ቆላውን እንደ ልቧ ትሄዳለች፤ የሐረርን አቀበት ግን በጭነት መውጣት ይከብዳታል። ስለዚህ ከባሕር የመጣው ጨውና ጨርቅ ጀልዴሳ ላይ ከግመል ይራገፍና በአህያና በበቅሎ ይጫናል፤ ከደጋ የወረደው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ደግሞ ከአህያ ወርዶ ግመል ላይ ይወጣል። የቆላው ጉዞ በኢሳ ባለግመሎች እጅ ነበር፤ የደጋው በኦሮሞ ባለአህዮች። በመካከላቸው ጫኝና አውራጅ፣ ቀራጭ፣ አስተርጓሚ፣ ውሃ ቀጂ፣ ምግብ ሻጭ ሁሉ ይኖራል። በሶማሌ ዘንድ «አባን» የሚባልም ሰው ነበር። እንግዳውን ነጋዴ በጎሣው ምድር ላይ የሚያሳልፍ ዋስ፣ መንገድ መሪ፣ አስተርጓሚና ደላላ ሁሉንም በአንድ ሆኖ ያገለግላል። ያለ አባን መንቀሳቀስ ንብረትንም ሕይወትንም አሳልፎ መስጠት ነበር። እንግዲህ በ1880ዎቹ «በዚህ አገር ሥራ የት ይገኛል?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ጀልዴሳ ሂድ» ቢባል አማካሪው አልተሳሳተም።

በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደረሰ። በመጀመሪያው ሐሳብ መድረሻው ሐረር ነበር፤ ነገር ግን ሐዲዱን ተራራው ላይ ማውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነና ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ጣቢያ ተሠራ። ለዚህም ነው አዲሱ ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ የነበረው። የባቡሩ ፉርጎ የብዙ ግመሎችን ጭነት በአንድ ጊዜ ይዞ ይመጣል። ጀልዴሳ ላይ ዕቃ የሚያራግፍበት ምክንያት ያለው ነጋዴ አልቀረም። ጫኙ አልሰነፈም፤ አባኑ አላታለለም፤ ውሃ ቀጂዋም ዋጋ አልጨመረችም። መንገዱ ዞረባቸው፣ በቃ።

ድሬዳዋ የተለየች ነበረች። በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው በየወሩ የሚከፈል ደመወዝን፣ የሥራ ሰዓትንና ደወልን የለመደው እዚያ ነው። ከዚራ የባቡሩ ሰዎችና የውጭ አገር ዜጎች ሠፈር ሆነ፤ ከደረቁ ወንዝ ማዶ መጋላ የአገሬው ገበያ ሆነ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ህንዱ ሱቅ ከፈቱ። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ድሬዳዋ የመንገድ መጨረሻ መሆኗ ቀረ። የባቡሩ ጥገና ግን እዚያው ነበርና እንጀራዋ አልተነካም። ከሎኮሞቲቭ ጥገና ጋር ብየዳ፣ ቶርኖ፣ ኤሌክትሪክ ሥራ የተማረ ወጣት ወጣ። ፈረንሳይኛም አብሮ ተማረ፤ ሒሳቡም ትእዛዙም በእሱ ነበርና። የኋላ ኋላ ግን ሐዲዱ አረጀ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ቆመ። በመስከረም 2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ድሬዳዋን ያልፋል፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ እንደ ድሮው ከተማ የሚያኖር ወርክሾፕ ይዞ አልመጣም። ድሬ አሁን የምትተማመነው በሲሚንቶው፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩና በነሐሴ 2014 በተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና ነው። ባቡሩ ላይ የነበረ ሰው ጡረታ ወጣ፤ መበየድ የሚያውቅ ግን የትም ሄዶ በየደ።

እዚህ ላይ የሐዋርያት ሥራ 18 ትዝ ይለኛል። አቂላና ጵርስቅላ ከሮም የወጡት በደመወዝ ማነስ ሳይሆን ቀላውዴዎስ አይሁድን ሁሉ ከከተማይቱ ስላስወጣ ነው። የሄዱባት ቆሮንቶስ በሁለት ባሕር መካከል የተቀመጠች፣ ሁለት ወደብ ያላት ከተማ ነበረች። መንገደኛና መርከበኛ በሞላበት ከተማ ድንኳን ሰፊ ሥራ አያጣም። የእጅ ሙያው ከሮም ወደ ቆሮንቶስ፣ ከቆሮንቶስ ወደ ኤፌሶን አብሯቸው ተሻገረ። ይህን የምለው ለስብከት አይደለም፤ የሥራ ፍለጋ ታሪክም ስለሆነ ነው።

ወደ ጅግጅጋ እንምጣ። ባቡሩ ጀልዴሳን ሲገድል ጅግጅጋን ለምን አልገደላትም? የእሷ መንገድ ሌላ ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 እንግሊዛዊው መኮንን ባርከር ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ማረፊያዎች አንዷ አድርጎ ጠቅሷታል። ያኔ የውኃ ጉድጓዶች ያሉባት የከብት መዋያ ነበረች። ምኒልክ በጥር 1879 ሐረርን ከያዙ በኋላ ጦራቸው ወደ ሜዳው ወረደ። በ1885 ዓ.ም. ያለፈው ሌላው እንግሊዛዊ መኮንን ስዌይን ያገኘው በእንጨት አጥር የተከበበ አነስተኛ ምሽግና 25 ወታደሮችን ነው፤ ምሽጉም ያለው ከጉድጓዶቹ አጠገብ ነበር። ውኃውን የያዘ መንገዱን ያዘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለስለስ አድርገን ማለፍ የሌለብን ነገር አለ። የዚያ ዘመን ወታደር በወር የሚቆጠር ደመወዝ አልነበረውም። የሚበላው ከአገሩ ነው። በጅግጅጋ ደግሞ አገሩ ማለት አርብቶ አደሩ፣ ግመሉና በጉ ነው። በግብር ስምም በዘረፋም የሚነዳው ከብት የሶማሌው ቤተሰብ ወተትና ጥሎሽ ነበር። በመጋቢት 1892 የሰይድ መሐመድ አብደላ ሐሰን ተከታዮች የጅግጅጋን ምሽግ ያጠቁት የተወሰዱ ግመሎችን ለማስመለስ ነበር፤ በሁለቱም ወገን ብዙ ደም ፈሰሰ። ከደጋ ለእንጀራ ወደ ጅግጅጋ የሄደ የመጀመሪያው ሰው እንጀራውን ያገኘው ከማን ጓሮ እንደሆነ ማወቅ፣ ዛሬ ከሰዎቹ ጋር አብሮ ለመኖር ለሚሄድ ወጣት ከደመወዙ መጠን ይልቅ ይጠቅመዋል። አያቱ የነገሩትን ያልረሳ ጎረቤት አለ።

ቀስ በቀስ ምሽጉ ከተማ ሆነ። ከልጅ ኢያሱ መውረድ በኋላ ጅግጅጋን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ የመድፍ ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ፤ በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ከተማይቱን በቀጥታ መንገዶች ከፋፍለው ፕላን አወጡላት። ጅግጅጋን የሚያውቅ ሰው የመሐል ከተማውን መንገዶች ቀጥ ማለት ሳያስተውል አይቀርም።

የሚያበላት ግን የበርበራ መንገድ ነበር። ከሐውድ ሜዳ የሚነዳው በግና ፍየል በእንግሊዝ ሶማሊላንድ አድርጎ በርበራ ይደርሳል፤ ከዚያ በመርከብ ባሕሩን ተሻግሮ ኤደን ይገባል። ኤደን የእንግሊዝ ጦርና የመርከብ ድንጋይ ከሰል ጣቢያ ስለነበረች ሥጋ አጥብቃ ትፈልጋለች። እንግሊዞችም ሶማሊላንድን ለረጅም ጊዜ የሚያዩዋት እንደ ኤደን ሥጋ ቤት ነበር። ስለዚህ የጅግጅጋ ደላላ ገቢ በኤደን ወታደር የምግብ ሳህን ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሰውየው ኤደንን አይቷት አያውቅ ይሆናል።

የሚቀጥሉትን ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው፤ ባንዲራው ቶሎ ቶሎ የተለዋወጠበት ጊዜ ነው። በሚያዝያ 1928 መጨረሻ ጣልያን ገባ። በመጋቢት 1933 የእንግሊዝ ጦር መለሳት፤ ግን ለኢትዮጵያ ወዲያው አላስረከበም። ኦጋዴንን በ1941፣ ሐውድንና «የተከለለው አካባቢ» የተባለውን በየካቲት 1947 ለቀቀ። በመስከረም 1970 የዚያድ ባሬ ጦር ጅግጅጋን ያዘ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 በካራማራ ድል ተመለሰች። አርባ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአንድ ከተማ ሱቅ ስንት ጊዜ ተዘግቶ እንደተከፈተ ቁጠሩት። በዚህ ከተማ ንብረቱን በቤትና በመሬት ከማድረግ ይልቅ በከብትና በሚንቀሳቀስ ዕቃ ማድረግን የመረጠ ነጋዴ ጅል አልነበረም።

አሁን ረጋ ብዬ መናገር የምፈልገው ስለ ሐርትሼክ ነው። ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ፣ በሐውድ ሜዳ ላይ ያለች ቦታ ናት። ወንዝ የላትም፣ ምንጭ የላትም። በዚያ ሜዳ የሚኖር ሰው የዝናብን ውኃ መሬት ውስጥ በተቆፈረና በሲሚንቶ በተለሰነ «ብርካ» ያጠራቅማል፤ ብርካው ሲደርቅ ወይ ይሄዳል ወይ ይገዛል።

በ1980 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዳቸው የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መቀመጫውን ሊያጣ መሆኑን ሲያውቅ በግንቦት ወር ቡራኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ መንግሥት የገዛ ከተማውን ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። ሕዝቡ በእግሩ ድንበር ተሻገረ። ሐርትሼክ ላይ የሠፈረው ስደተኛ እስከ 250,000 ደረሰ፤ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ነው ተባለለት።

ይህ ሁሉ ሰው ውኃ በሌለበት ሜዳ ላይ ምን ይጠጣል? ውኃው ከጅግጅጋ በኩል በቦቴ ይመጣ ነበር። እስቲ አስቡት፤ አንድ ትልቅ ከተማ የሚያህል ሕዝብ ጥሙን የሚቆርጠው በመኪና በሚመጣ ውኃ ነው። ቦቴው ሹፌር ይፈልጋል፣ ረዳት ይፈልጋል፣ ጎማ የሚለጥፍ ይፈልጋል። ለዕርዳታ ስንዴው መጋዘን ጠባቂ፣ ጫኝ፣ ጸሐፊ ያስፈልጋል። ለክሊኒኩ ነርስ፣ ለምዝገባው አስተርጓሚ። ከስደተኛው መካከል ደግሞ የሐርጌሳ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ቤታቸው ቢፈርስም ዱባይና ጅዳ ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት አልፈረሰም። ዕቃ በበርበራ መግባት ጀመረ፤ ልባሽ ጨርቅ፣ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ሽቶ፣ ሩዝ። ሐርትሼክ ከመከራ መካከል ገበያ ሆነች። ከጅግጅጋ፣ ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባም ሳይቀር ሸማች ይሄድ ነበር። ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ነው፤ ስሙ ኮንትሮባንድ ነው፤ ለገዢው ግን ርካሽ ነው። በዚያ ዘመን የምሥራቅ ከተሞችን ኑሮ ያወዳደረ ሰው ሐርትሼክን ከዝርዝሩ ቢያስቀር ትልቁን ገበያ ረስቷል ማለት ነው። ድሬዳዋም በበኩሏ «ታይዋን» የሚባል ገበያ ነበራት፤ የእሷ ዕቃ የሚመጣው ግን በጅቡቲ በኩል ነው።

ከዚያስ? ሐርጌሳ ሰላም ስታገኝ ሰው ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ። የመንግሥት ጉምሩክም ቁጥጥሩን አጠበቀ። በ1996 ዓ.ም. መጠለያው በይፋ ተዘጋ። የቦቴው ረድፍ ቆመ። ገበያው ወደ ድንበሩ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ ሸሸ። የስደተኞቹ መመለስ መልካም ዜና ነበር፤ ማንም ሰው በስደት እንዲቆይ አይመኝም። ግን በሐርትሼክ ለተቀጠረ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት መልካሙ ዜና የሥራ ስንብት ደብዳቤ ሆኖ ነው የደረሰው። የሌላው ሰው መከራ የደመወዛችን ምንጭ ሲሆን እንዲህ ያለ ግራ የገባው ስሜት አይቀርም፤ በዕርዳታ ድርጅት ውስጥ የሠራችሁ ይገባችኋል።

ጅግጅጋ በዚህ መሐል ሌላ መንገድ ተከፈተላት፤ የመንግሥት በጀት። የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ መጀመሪያ ጎዴ ነበረች፤ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ጅግጅጋ ተዛወረ። ቢሮ በቢሮ ላይ ተከፈተ። ሒሳብ ሠራተኛ፣ መሐንዲስ፣ መምህር፣ ነርስ ተፈለገ። በክልሉ የተማረ ሰው ያኔ ጥቂት ስለነበረ ብዙው ከሌላ ቦታ መጣ፤ አንዳንዱ በዕጣ ደርሶት እያለቀሰ፣ አንዳንዱ የበረሃ አበል አለ ሲባል እየተደሰተ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 57 ሺሕ ያህል ሰው የነበራት ከተማ፣ በሚቀጥለው ቆጠራ (በክልሉ የተካሄደው ኅዳር 2000 ላይ ነው) 125,876 ሆና ተገኘች። ዩኒቨርሲቲ ተከፈተላት። ግንበኛው፣ አናጺው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ ባለባጃጁ ተከትሎ መጣ። የዕርዳታ ድርጅቶችም ለቀብሪበያህ፣ ለኦውበሬና ለሸደር መጠለያዎች ሲሉ ቢሯቸውን ጅግጅጋ አደረጉ፤ የተሻለ ይከፍላሉ፤ ቤት ሲከራዩም ዋጋ አይከራከሩም። አከራዩ ያንን ዋጋ ከለመደ በኋላ ለመምህሩ ቀንሶ አይሰጥም።

ወደ ደመወዙ ቁጥር እንግባ፤ የተጠየቀው እሱ ነበርና። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው ከተማን በደመወዝ ማወዳደሩ ብዙም ትርጉም የለውም። ስኬሉ አገር አቀፍ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ ዝቅተኛው ደመወዝ ደግሞ ከ4,760 ወደ 6,000። አዲስ አበባም ሆነ ሽንሌ፣ ጅግጅጋም ሆነ ደወሌ፣ መነሻው ያው ነው። የሚለየው የሚጨመረው አበልና የሚቀነሰው ወጪ ነው። የግል ሥራ ከሆነ ደግሞ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ እንደ ድርድራችሁ ነው። ደመወዙ ሲጨምር ብሩም እንደነበረ አልቆየም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ሩዟና ፓስታዋ በመርከብ ለምትመጣላት ጅግጅጋ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ስለ ምግቡ ካነሣን፣ «ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች» ይባላል። ይህ ተረት ለኪስም ይሠራል። ጤፍ ለጅግጅጋ የሩቅ እህል ነው፤ ከደጋ በሐረር አድርጎ ይመጣል፤ በየኬላው ይቆማል፤ ሲደርስ የነዳጁን ዋጋ ተሸክሞ ነው። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይትና ስኳር ደግሞ ከባሕሩ ወገን ይመጣሉ፤ የበርበራ መንገድ ክፍት ሲሆን ይረክሳሉ። የግመል ወተትና የፍየል ሥጋ የአካባቢው ነው። እንግዲህ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ደመወዝ ጅግጅጋ ቢገቡ፣ አንዱ ቁርሱን ካንጄሮ በሻይ፣ ምሳውን ፓስታና ሩዝ አድርጎ ቢኖር፣ ሌላው ጠዋት ማታ ጤፍ እንጀራ በሽሮ ካላገኘሁ ቢል፣ በወሩ መጨረሻ ስለ ጅግጅጋ የሚናገሩት ስለ ሁለት ከተማ ይመስላል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። «ኑሮ ውድ ነው» የሚል ሰው ስትሰሙ ምን እንደሚበላ ጠይቁት።

ውኃ ሌላው ነው። ከጅግጅጋ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ በሄዳችሁ ቁጥር ቤት ስትከራዩ ክፍሉን ብቻ አትዩ። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታንከር አለ? ከሌለ በርሜሉ በስንት ይሞላል? በኪራይ የቀነሳችሁትን በጀሪካን መልሳችሁ ልትከፍሉት ትችላላችሁ።

ቶጎ ውጫሌ ስለምትባለው መኪና አስገዢ ከተማም ጥቂት ልበል። ከጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ ከተማ እዚህ፣ ግማሹ ማዶ ነው፤ ብርና የሶማሊላንድ ሽልንግ በአንድ መሳቢያ ያድራሉ። ወዲያ ከብትና ጫት ይሻገራል፤ ወዲህ ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስና የምግብ ሸቀጥ ይገባል። በሕጋዊ የጠረፍ ንግድ የሚሠራ አለ፤ ጉምሩክ ሲተኛ የሚሻገርም አለ። ግን ይህ ገበያ ጌታው ሩቅ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1990 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄድ ከብት አልቀበልም አለች፤ በመስከረም 1993 እንደገና ዘጋች፤ ሁለተኛው እገዳ እስከ 2002 ዓ.ም. ቆየ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ! በሪያድ ወይም በጅዳ የተፈረመ አንድ ወረቀት፣ ቶጎ ውጫሌ ላይ ከብት የሚያጠጣውን ልጅ የቀን ገቢ ቆረጠው። ፈጥኖ ያገኘውን ሰው ታሪክ የሚያወራ ብዙ ነው፤ በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የከሰረውን ማንም አያወራለትም።

ደመወዝና ኪራይ ብቻ የሚቆጥር ሠንጠረዥ የማይዘው ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 በጅግጅጋ ሁከት ተነሣ። ሰዎች ተገደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ንብረት በአንድ ቅዳሜ ጠፋ። ብዙዎች ከተማውን ጥለው ሸሹ። ይህን ስናስታውስ አንድ ነገር አብረን ማስታወስ አለብን፤ ከዚያ ቀን በፊት በዚያው አስተዳደር እጅ በ«ጄል ኦጋዴን» እስር ቤት ለዓመታት ሲሠቃዩ የነበሩት የክልሉ ሰዎች፣ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ቁጣችን ወደ ጎረቤታችን ከዞረ ታሪኩን አላነበብነውም። ከሸሹት ውስጥ የተመለሱ ብዙ ናቸው። ለምን ተመለሳችሁ ስትሏቸው ደመወዝን የሚጠራ አለ፤ ጎረቤትን የሚጠራም አለ።

የዛሬው መንገድስ ወዴት እየዞረ ነው? በጥር 2017 አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም በመላ አገሪቱ በዕርዳታ ፕሮጀክት ላይ የነበሩ ሠራተኞች ኮንትራታቸው ተቋረጠ። የዕርዳታ ቢሮ ብዙ ላለበት ከተማ ይህ የሐርትሼክ ዓይነት ዜና ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ስደተኛው ቤቱ ስለገባ የመጣ አለመሆኑ ነው። በሌላ በኩል የዱባዩ ዲፒ ወርልድ በርበራን አስፋፍቷል፤ ከበርበራ እስከ ቶጎ ውጫሌ ያለው መንገድም ታድሷል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ኢትዮጵያና ሶማሊላንድ የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ ተስፋው ከፍ አለ። ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በአንካራ ሌላ ስምምነት አወጁ፤ የመጀመሪያው ሰነድ ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። መንገዱ ነገ ጅግጅጋን የጭነት መኪና መናኸሪያ ሊያደርጋት ይችላል፤ እንደገና ሊዘጋባትም ይችላል።

ዘንድሮ ለመሄድ የወሰናችሁ ካላችሁ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው በየትኛውም መንገድ ዳር የሚፈለግ ሙያ ነው። ሁለተኛው ቋንቋው ነው። ደጋው ሰው ጅግጅጋ ላይ አሥር ዓመት ኖሮ ሶማልኛ ሳይናገር የሚመለስበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ የክልሉ ቢሮዎች የሥራ ቋንቋ ሶማልኛ ነው፣ የተማረው የአገሬው ልጅም በዝቷል፤ የድሮው ሰው ያገኘው ክፍት ቦታ እናንተን አይጠብቃችሁም። ሥራ «ሸቆ» ነው። ውኃ «ብዮ»። ስንት ነው ለማለት «ዋ ኢሚሳ» ይባላል፤ መናኸሪያው ላይ ከአውቶቡስ እንደወረዳችሁ ከባለባጃጁ ጋር ትጀምሩታላችሁ።